በጊዜ የሚጫወቱ ሦስት ጌሞች፦ የቱን ልግዛ?

ብሬይድ፣ ሱፐርሆት እና አውተር ዋይልድስ ሦስቱም በጊዜ የሚጫወቱ ጌሞች ናቸው። ግን አንዱን የወደደ ሰው ሌላውን ላይወደው ይችላል። ስለዚህ ግራፊክሱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። እኔ መጀመሪያ የማየው ስሳሳት ጌሙ ምን እንደሚያደርገኝ ነው።

ብሬይድ ስህተትን ይቅር ይላል። ገደል ገባችሁ እንበል። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እናንተም ከገደሉ ትወጣላችሁ። ጆናታን ብሎው በ2008 ያወጣው ይህ ጌም ከሩቅ ሲታይ ማሪዮ የተባለውን የዝላይ ጌም ይመስላል። ዋናው ነገር ግን እንቆቅልሹ ነው። በየዓለሙ የጊዜው ሕግ ይለዋወጣል። በአንዱ ዓለም ወደ ቀኝ ስትራመዱ ጊዜ ወደ ፊት፣ ወደ ግራ ስትራመዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ እንቆቅልሽ ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። የምትገዙ ከሆነ ሥዕሎቹ እንደገና የተሠሩበትን የ2024ቱን እትም ውሰዱ።

ሱፐርሆት በ2016 ወጣ። እዚህ አንድ ጥይት ከመታችሁ አለቀ፤ ከደረጃው መጀመሪያ ትነሳላችሁ። ግን እናንተ ካልተንቀሳቀሳችሁ ጊዜውም ሊቆም ምንም አይቀረው። ጥይቱ ፊታችሁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያያችሁት ታስባላችሁ። ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ሰው ይህ ይሻላል። ዋናው ታሪክ ግን በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ቅናሽ ብትጠብቁ ጥሩ ነው። የቪአር መነጽር (ጌሙ ውስጥ ያላችሁ የሚያስመስል፣ ዓይን ላይ የሚደረግ ማሳያ) ያለው ሰው የቪአሩን ይግዛ። ጥይት የሚያመልጠው በገዛ አንገቱና ትከሻው ነው።

አውተር ዋይልድስ (2019) ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በመንኮራኩር ከፕላኔት ፕላኔት ትዞራላችሁ። በ22 ደቂቃ ውስጥ ፀሐይ ትፈነዳለች፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል። የምትሰበስቡት መሣሪያ የለም፣ ደረጃም አታድጉም። የሚቀርላችሁ ያወቃችሁት ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም መንኮራኩሩ ይመዘግብላችኋል። ሁለት ጎረቤት ፕላኔቶች አሉ። ከአሽ ትዊን አሸዋ ወደ ኤምበር ትዊን ይፈስሳል። የኤምበር ትዊን ዋሻዎች ቀስ በቀስ በአሸዋ ይሞላሉ፤ በአሽ ትዊን ላይ ደግሞ የተቀበሩ ሕንፃዎች ብቅ ይላሉ። አንዱ ጋ መፍጠን፣ ሌላው ጋ መታገሥ ያስፈልጋል። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ በራሳችሁ ስትደርሱበት ያለው ደስታ ልዩ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስቡበት። ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ አለ። መንኮራኩሩን በኪቦርድ መንዳት ደግሞ ያስቸግራል፤ ኮንትሮለር ቢኖራችሁ ይሻላል።

ይህን ከመረጣችሁ ዩቲዩብ ላይ አትፈልጉት። ምስጢሩን አንዴ ካወቃችሁት እንደ አዲስ ልትጫወቱት አትችሉም።