ማስቆረጥ ወይስ መተው? የፊንጢጣ ትርፍ ቆዳ ነገር

“ኪንታሮት ነው” ተብሎ የሚያስጨንቀው እብጠት አንዳንዴ ኪንታሮቱ ከሟሸሸ በኋላ የቀረ ቆዳ ብቻ ነው። ሐኪም አይቶ ካረጋገጠ ቢተዉትም አይጎዳም። ጣጣው ጽዳቱ ነው፤ ሶፍት ብቻውን አይበቃም፣ በውሃ ታጥቦ ቀስ አድርጎ ማድረቅ ይፈልጋል።

ማስቆረጡ ራሱ ቀላል ነው። በማደንዘዣ መርፌ በደቂቃዎች ያልቃል። ፈተናው ያለው መጸዳጃ ቤት ነው! በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰገራ ሲቀመጡ ያቃጥላል፣ ሶፍቱ ላይም ጥቂት ደም ይታያል። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሳል። ተልባና ብዙ ውሃ ሰገራውን ያለሰልሱታል። ሚጥሚጣው ግን ይቆይ። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። ደሙ አልቆም ካለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ሐኪም ጋ ነው።

ለመልክ ብቻ ከሆነ እኔ አላስቆርጥም። እያሳከከ እንቅልፍ ከነሳ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማቃጠል እችለዋለሁ።