ለማረሻችን ሐኪም ለጋሼ ምስጋና፣ አሮጌ ትራክተር ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጓደኞቼ። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለን። ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ይመረት የነበረው ሞዴል ነው፣ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው። አሮጌ ነው፣ ግን ሞተሩ አስቸግሮን አያውቅም። ያስቸገረን ማረሻው ነው፣ ያ አፈር እየገለበጠ ሁለት ትልም በአንዴ የሚያወጣው። የፊተኛው ስለት ጠልቆ ይገባል፣ የኋለኛው መሬቱን ጫር አድርጎ ያልፋል። ትራክተሩ ወደ ጎን ይጎተታል። ከመሪው ጋር ስታገል ውዬ ማታ ክንዴን ማንሳት ያቅተኛል።

ሁለት ቦታ ወሰድነው። የመጀመሪያው ቀረብ ብሎ እንኳን ሳያይ "ይሄማ የሙዚየም ዕቃ ነው፣ ሽጡት" ብሎ መለሰን። ሁለተኛው ቦታ አራት ቀን አቆዩት፣ የሆነ ብረት በየዱበት፣ ሂሳባቸውን ተቀበሉ፣ እርሻው ላይ ስናወርደው ያው ነው። ደውለን ስንጠይቅ "ሹፌሯ አትችልም" ተባልን። ሹፌሯ እኔ ነኝ። ያቺ ቃል ቤታችን ድረስ ገባች። ወንድሜም ቀስ በቀስ እንደዛ ማሰብ ጀመረ፣ እኔም በንዴት "ማረሻውን የገዛኸው አንተ አይደለህ እንዴ" አልኩት፣ ተኮራረፍን። ለሳምንታት አንድ እርሻ ላይ እየዋልን ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። ስም አልጠራም። ግን በጣም አዝኜባቸዋለሁ።

ከዛ አንድ ወዳጃችን ጋሼን ጠቆመን። (ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም፣ ለዛ ነው ጋሼ ብቻ የምለው።)

መጥተው መጀመሪያ የጠየቁት "እርሻው የት ነው?" ብለው ነው። መፍቻ አላነሱም። "እስቲ አንድ ዙር እረሺልኝ" አሉኝ፣ ከኋላ በእግራቸው እየተከተሉ ትልሙ ውስጥ እንጨት እየሰደዱ ጥልቀቱን ለኩ። ስጨርስ እዛው ወንድሜ ፊት "የመሪ አያያዝሽ ጥሩ ነው ልጄ። ጥፋቱ ያንቺም የሱም አይደለም" አሉ። እንባዬ መጣ።

ከዛ የትራክተሩን የግራ ጎማዎች ስንዝር ያህል ውፍረት ያለው ጠርብ ላይ አስወጡኝ። ትራክተሩ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ለካ ስናርስ የቀኙ ጎማ ትልም ውስጥ ስለሚሄድ ትራክተሩ ሁሌም ዘንበል ብሎ ነው የሚሠራው፣ ማረሻው ግን ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት! እነዚያ ሁለተኛው ቦታ ያሉት ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመው አስተካክለናል ብለው ነበር የላኩን። ጋሼ በቀኝ በኩል ያለችውን እጀታ ዞር ዞር አደረጉ፣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር ከላይ የሚያያይዘውን ዘንግ ትንሽ አስረዘሙት፣ የማረሻው አፍንጫ ቀና አለ። የጎማዎቹንም ርቀት ለክተው የሆነ ነገር አደረጉ፣ እሱ አልገባኝም።

የማልረሳላቸው ግን ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ያስተካከሉትን በሙሉ መልሰው አበላሹትና "በይ አሁን አንቺ ሥሪው" አሉኝ። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አንዴም ከእጄ አልነጠቁኝም። ስሳሳት "ተመልሰሽ ከኋላ ቆመሽ እዪው" ብቻ ነው የሚሉት። በየጊዜው እየጠራናቸው እንድንከፍላቸው ማድረግ ይችሉ ነበር እኮ! እሳቸው ሙያቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

ማረሻውን አወረድኩ። መሪው ቀለለኝ። ዞሬ ሳይ ሁለቱ ትልሞች እኩል ናቸው፣ አፈሩ እየተገለበጠ አረሙ ከስር ይቀበራል። ወንድሜ የእርሻው ጫፍ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። "ይቅርታ እህቴ" አለኝ። አሁን በየተራ ነው የምንነዳው።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ክፉ አይንካዎት።

እና እባካችሁ፣ አሮጌ ትራክተር ያላችሁ፣ ማረሻው አልታዘዝ ያላችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጣችሁ በፊት ጋሼን ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ ጋሼን ጥሩ! ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ ታዲያ ማረሻውን ጋራዥ እንዳትወስዱት፣ እርሻው ላይ ይጠብቃቸው። ሌላ ቦታ አያዩትም።