ባለ ፔዳሉ የስፌት መኪና ለብጣሽ አልጋ ልብስ፦ በጋና ክረምት ካለፈበት በኋላ

እዚህ የሚገመገመው ጥቁሩ፣ ባለ ፔዳሉ የእግር ስፌት መኪና ነው። ራሱ ብረት፣ ገበታው ቺፑድ፣ መቆሚያው ብረት ሲሆን ንድፉ ሲንጀር 15 ከሚባለው ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ሞዴል የተቀዳ ነው። የሚሠራበት ሥራ የብጣሽ አልጋ ልብስ ነው፤ ከልብስ ሰፊዎች የተረፈው ቁርጥራጭና ከሰልባጅ የወጣው ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሐሉ አሮጌ ነጠላ ወይም ባዘቶ ገብቶበት፣ ከሥሩ አቡጀዲ ተደርጎ ይሰፋል። ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው። መኪናው አንድ በጋና አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቶበታል።

ፍርዱ ቀድሞ ይነገር። ብጣሽ ለመገጣጠም ለቤት ከዚህ የሚሻል መኪና የለም ማለት ይቻላል። ሦስቱን ንብርብር ደርቦ ለመስፋት ግን የሚችለው መሐሉ ስስ ከሆነ ብቻ ነው። ወፍራም የባዘቶ ድርብ ሊሰፋበት የሚገዛ ሰው ይቆጫል።

ለመገጣጠም ጥሩ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። መኪናው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሰፋ፣ መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ትንሽ ክብ ናት። ዚግዛግ የሚሰፉ መኪናዎች ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ የትንሽ ብጣሽ ጥግ ወደ ውስጥ ይጎተትና ይጨማደዳል። በዚህኛው ጥጉ ሳይዋጥ ያልፋል። ሁለተኛው ምክንያት በእግር መሠራቱ ነው፤ ፔዳሉ ላይ በእርጋታ ሲረገጥ መኪናው አንድ አንድ ስፌት ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ሲደረስም መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ጨርቁን ማዞር ይቻላል። መብራት መጣ ሄደ የሚለው ጣጣም እዚህ የለም።

አሁን ስለ መጠን። ተሠርቶ ሲያልቅ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ካሬ ከተፈለገ 11.2 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ ነው፤ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ይገባል። 1 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ20 ለሆነ አልጋ ልብስ 16 በ22፣ በጠቅላላው 352 ካሬ ያስፈልጋል። ስፌቱ 6 መሆኑ ቀርቶ 7 ሚሊ ሜትር ቢገባ እያንዳንዱ ካሬ ከሁለት ጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያጣል፤ በ16 ካሬ ረድፍ 3.2 ሴንቲ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። አንዱ ረድፍ በ6፣ ሌላው በ7 ከተሰፋ ደግሞ ጥጎቹ ፈጽሞ አይገናኙም። መኪናው ላይ የሚታመን የመጠን ምልክት ስለሌለ፣ መርፌውን እስከ ታች አውርዶ፣ ከመርፌው ወደ ቀኝ በማስመሪያ 6 ሚሊ ሜትር ለክቶ፣ የመርፌ ጠረጴዛው (መርፌው የሚገባበት የብረት ሰሌዳ) ላይ ወፈር ያለ ፕላስተር በሦስት ድርብ መለጠፍ ይበቃል። የጨርቁ ጫፍ ያንን ግድግዳ እየታከከ ይሄዳል። ፕላስተሩ ግን የጨርቅ ማሳለፊያ ጥርሱን መሸፈን የለበትም። የስፌቱ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካጠረ ማፍረስ መከራ ይሆናል።

እያንዳንዱ ስፌት ካለቀ በኋላ ካውያ ያስፈልገዋል። የከሰል ካውያም ይበቃል፤ ዋናው ነገር ከላይ ሆኖ መጫን እንጂ ጨርቁን እየገፉ ማስኬድ አይደለም፣ ካሬውን ያጣምመዋልና። የአንዱ ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩ ወደ ግራ እንዲተኛ ሆኖ ከተተኮሰ፣ ሁለት ረድፍ ሲጋጠም ጥጎቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ጣት ሲነካቸው ግጥም ሲሉ ይታወቃል።

ወደ ድክመቱ ስንመጣ፣ ሁሉም ነገር መሐል በሚገባው ነገር ላይ ያርፋል። በደጋን ተነድፎ በእኩል የተነጠፈ ባዘቶ ከሆነ ጨርቁን የሚይዘው የመኪናው እግር ሲጫነው ጥጡ ወደ ፊት ይገፋል፣ የሥሩ ጨርቅ ከላዩ ቀድሞ ይሄድና መጨረሻ ላይ እጥፋት ይሠራል። ምክንያቱ፣ የሚያሳልፈው ጥርስ ያለው ከሥር ብቻ መሆኑ ነው፤ የላዩ ጨርቅ እግሩ ስለሚይዘው ወደ ኋላ ይቀራል ወይም ይጠራቀማል። ከላይም የሚያራምድ ልዩ እግር ገበያ ላይ ከተገኘ፣ የእግር መያዣ ዘንጋቸው አጭር ለሆነ መኪናዎች የሚሠራው ለዚህኛውም ይገጥማል። ካልተገኘ መፍትሔው መሐሉን መቀየር ነው። አንድ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ መሐል ሲገባ መኪናው ያለ ችግር ይሰፋዋል። የጋቢ ሁለት ንብርብርም ይቻላል፤ አራቱም ንብርብር ሳይፈታ የገባ ጋቢ ግን ከብዶት መርፌ ይሰብራል። ቡሉኮ የማይታሰብ ነው።

የሸማኔ እጅ ሥራ በውኃ ይሰበሰባል። ስለዚህ ነጠላውንም ሆነ አቡጀዲውን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ መቁረጥ ግድ ነው። ካልታጠበ፣ አልጋ ልብሱ መጀመሪያ የታጠበ ዕለት በየካሬው ተጨማዶ ይወጣል።

ለብርድ ተብሎ ባዘቶ መግባቱ ካልቀረ በመኪና አይታገሉ። ላዩን በመኪና ገጣጥመው፣ ሦስቱን ንብርብር ወለል ላይ ዘርግተው፣ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርገው ከወሰወሱ በኋላ፣ በየካሬው ጥግ በወፍራም ክር ሁለት ጊዜ አሳልፈው ይቋጩት። በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተቋጠረ ባዘቶ ሲታጠብ አይጠቀለልም፤ ቋጠሮዎቹ ከተራራቁ ግን ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ለጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅዳጅ ለሁለት ታጥፎ ይሰፋል፤ ከላይ ላለው መጠን ከጥጎቹ ጋር 8 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይህንን መኪናው በደንብ ይሰፋዋል።

መዘውሩን የሚያዞረው የቆዳ ቺንጋ በክረምት የሚያስቸግረው ዋናው ነገር ነው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፔዳሉ እየተረገጠ መዘውሩ አይዞርም፣ ወይም መርፌው ወፍራም ስፌት ላይ ሲደርስ ይቆማል። መፍትሔው ማሳጠር ነው፦ ማያያዣውን ሽቦ በፒንሳ ከፍቶ፣ ከጫፉ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቆርጦ፣ አዲስ ቀዳዳ በወፍራም ምስማር በስቶ መልሶ መቆለፍ። በአንድ ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ከተቆረጠ፣ ታኅሣሥ ላይ ቆዳው ሲደርቅ ቺንጋው ከልክ በላይ ይጠብቅና ፔዳሉ ይከብዳል፣ ጉልበትም ይጎዳል። መጠኑ የሚታወቀው በጣት ሲጫኑት ነው፤ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከሰጠ ልክ ነው። ከመቁረጥ በፊት ሁለት ሦስት ጠብታ የጉሎ ዘይት ቆዳው ላይ ቀብቶ ማሳደርም ብዙ ጊዜ ያጠብቀዋል። የስፌት መኪና ዘይት ግን ቺንጋው ላይ እንዳይነካ፤ ያንሸራትተዋል።

የጭቃ ወለል ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ አራቱ እግሮች እኩል እስኪያርፉ ድረስ ከሥር ጠፍጣፋ ሳንቃ መደረግ አለበት። መቆሚያው ከተወላገደ ፔዳሉን ከትልቁ መዘውር የሚያገናኘው ዘንግ ቡሎኑ እየላላ ጧ ጧ ማለት ይጀምራል። ካቻቢቴና ቁልፍ ይዞ በየወሩ ማጥበቅ ይበቃዋል። ገበታው ቺፑድ ስለሆነ ውኃ ጠላቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ከራሰ ያብጥና መኪናው በገበታው ውስጥ መታጠፉን ያቆማል።

ዘይት። አዲሱ መኪና ሲመጣ ዝገት እንዳይበላው በወፍራም ግራሶ ተቀብቶ ነው፤ ያ ግራሶ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ተጠርጎ፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ይገባል። የምግብ ዘይትም የሞተር ዘይትም አይሆንም፤ የምግቡ እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። ዘይት ከገባ በኋላ ነጭ ብጣሽ ላይ ጥቂት መስፋትና ጠብታ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ አቡጀዲ ላይ የወደቀ የዘይት ነጠብጣብ አይለቅምና። ምጣድ በሚጣድበት ቤት ውስጥ መኪና ማስቀመጥ ደግሞ ጭሱን ከዘይቱ ጋር እያጋገረ ያስቀራል። ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን እብቁ በነፋስ እስከ ቤት ይገባል፤ ያኔ መኪናው መሸፈን አለበት። ሽፋኑ ጨርቅ ይሁን፤ ላስቲክ በክረምት እርጥበት ይይዝና የመርፌ ጠረጴዛውን ያዝገዋል።

ባዘቶና ርካሽ ክር ብናኝ ይጥላሉ፤ ድመት ቤት ውስጥ ካለች ፀጉሯም ይጨመራል። ብናኙ የሚጠራቀመው የሥሩ ክር የሚጠቀለልበት ቦቢን ሥር ነው። ምልክቱ፣ መኪናው ድምፁ መወፈሩና ስፌቱ መዝለሉ ነው። መርፌውን ወደ ላይ አድርሶ፣ የቦቢኑን ቤት አውጥቶ፣ የቀለበቱን ሁለት መያዣዎች ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ቀለበቱንና በውስጡ ያለውን መንጠቆ ማውጣት ይቻላል። ብናኙ በዶሮ ላባ ይጠረጋል፤ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦይ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ተደርጎ ይመለሳል። ባዘቶ በሚሰፋበት ቀን ይህ በየማታው ነው።

ሌሎቹ ብልሽቶች ባብዛኛው ከክርና ከመርፌ ይመጣሉ። ከሥር የክር ጎጆ ከተሠራ ጥፋቱ ከላይ ነው፤ ክሩ በማጥበቂያው ሰሌዳዎች መሐል አልገባም፣ እግሩ ተነሥቶ እንደገና ይሰካ። መዘውሩ ወደ ኋላ ሲዞርም ክሩ ይጠላለፋል፤ ሁልጊዜ ወደሚሰፋው ሰው ነው የሚዞረው፣ ሲነሣም በእጅ ነው። ስፌት ከዘለለ መርፌውን ይመልከቱ፦ ክሩ የሚገባው ረጅሙ ቦይ ካለበት ጎን ነው፣ ጠፍጣፋው ጎን ከዚያ በተቃራኒ ይሆናል፣ መርፌውም እስከ ላይ ድረስ መግባት አለበት። ለአቡጀዲና ለሸሚዝ ጨርቅ 90፣ ለጅንስ 100 ቁጥር መርፌ ይሻላል። መርፌው ጨርቅ ሲበሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካወጣ ደንዝዟል። የቦቢኑ ቤት ውጥረት የሚፈተነው ክሩን ይዞ በማንጠልጠል ነው፤ እጅ ትንሽ ሲነቀንቀው ጥቂት ወርዶ ከቆመ ልክ ነው፤ ዝም ብሎ ከወረደ ላልቷል፣ ካልወረደ ጠብቋል። ብሎኑ የሚዞረው ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት፣ ከመኪናው ሲነሡ ቺንጋውን ከትልቁ መዘውር ማውጣት ልማድ መሆን አለበት። ሕፃን ፔዳሉን ቢረግጥ እንኳ መርፌው አይወርድም፣ ጣትም በቺንጋውና በመዘውሩ መሐል አይገባም። የክር ቁራጭ ወለል ላይ እንዳይቀር፤ ድመት ስትጫወት ከዋጠችው አንጀቷን እየጎተተ ይቆራርጠዋልና ለሞት ያደርሳል። ስፒልና የተሰበረ መርፌ ደግሞ ዶሮም ላምም ይውጡታል፤ ከጓሮው ጥራጊ ጋር ወጥቶ ከገለባ ከተቀላቀለ ላሚቱ አትለየውም፣ ሆዷን ይበሳል። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ የድምፅ ማጉያ ማግኔት በገመድ ታስሮ፣ ሥራ ሲያልቅ ወለሉ ላይ ቢጎተት መጥረጊያ የሚያልፈውን ሁሉ ይለቅማል። ለዚህ ሥራ ከመቀስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ይኸው ነው።

ቀይና ጥቁር ብጣሽ ቀለም ይለቃል። ከመቁረጥ በፊት እርጥቡን በነጭ አቡጀዲ ተጭኖ ማየት፣ ነጩ ከቀላ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ጨው መጨመር አያስቆመውም። ያለቀውን አልጋ ልብስ አጥር ላይ ማስጣት ስፌቱን በእሾህ ያስመዝዛል። ገመድ ላይ፣ ግልባጩ ወደ ፀሐይ ሆኖ፣ ከጌሾውም ሆነ ከሌላው ዛፍ ጥላ አጠገብ ቢሰጣ ቀለሙም ይቆያል።

መኪናው የማይሄድበት ቦታ ብዙ ነው። ዘጌ ለመሳለም፣ ጢስ ዓባይ ለማየት፣ ወይም ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል ወደ እንጅባራ ሲኬድ፣ ከረጢት ውስጥ የሚገባው የእጅ ሥራ ነው፦ በእርሳስ የስፌት መስመር የተሰመረባቸው 20 ካሬዎች፣ ሁለት መርፌ፣ አንድ ጥቅል ክር፣ ትንሽ መቀስ። በእጅ የተገጠመው በመኪና ከተሰፋው ጋር አንድ አልጋ ልብስ ላይ የሚገባው 6 ሚሊ ሜትሩ ከተጠበቀ ነው።

ለሚገዛ ሰው፦ ሱቅ ውስጥ ቺንጋው ሳይገባ መዘውሩን በእጅ ያዙሩ፤ ሳይንተከተክ መዞር አለበት። የመርፌውን ጠረጴዛ ቀዳዳ በጣት ጥፍር ይዳስሱ፤ ጭረት ካለበት ክር ይበጥሳል፣ ቢገዛም በደቃቅ የብረት ብርጭቆ ወረቀት መለስለስ አለበት። ሁለት ድርብ ብጣሽ ይዘው ሄደው እዚያው ያሰፉት፣ ከዚያ ስድስት ድርብ ያድርጉት። አብረው አምስት ተጨማሪ ቦቢን፣ አንድ ተጨማሪ የቦቢን ቤትና አንድ ቺንጋ ይግዙ፤ ሲጠይቁ የ15 ቁጥር ቦቢን ይበሉ። ቦቢኑን ሱቁ ውስጥ ቤቱ ውስጥ አግብተው ይሞክሩት፤ ትንሽ የሚሰፋ ወይም የሚጠብ ከሆነ ይመልሱት።