ጽጌረዳ ወይስ ቡገንቪሊያ? ለባህር ዳር የመጋቢት ፀሐይ የቱን ልግዛ

የካቲት መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ገዝቼ በባጃጅ ታቅፌ ወሰድኳትና ከቆርቆሮ አጥሩ ስር፣ የከሰዓት ፀሐይ ሚመታው ጋ አስቀመጥኳት። በሳምንቷ የቅጠሏ ዳር ዳሩ ተጠበሰ፣ ቀጥሎ የወጣው አበባ ደግሞ ትንሽዬና ሐመር። ጎረቤቴ ያኑ ቀን የገዛችው ቡገንቪሊያ እዛው አጥር ስር ሆኖ ምንም አልመሰለውም። "እጅሽ ነው" አለችኝ፤ እጄ አይደለም ባክሽ፣ ነገሩ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው።

ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ፕሮቲን በሥርዓት የተጠቀለለ ክር በሉት፣ ሙቀት ሲበረታበት ይፈታና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚረጋው። ተክሉ ለዚህ ሂት ሾክ ፕሮቲን የሚባሉ ጠባቂዎች አሉት፣ የተፈታውን ይዘው መልሰው የሚጠቀልሉ። በደህናው ቀን እነዚሁ ጠባቂዎች አንድ ሌላ ፕሮቲን ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ ሙቀቱ መጥቶ ወደ ተፈቱት ሲሮጡ ያ የተያዘው ይለቀቃል፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይያያዝና ጠባቂዎቹን የሚያሠሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፣ ሌላ ጠባቂ ይመረታል ማለት ነው። (ሚገርመው መጀመሪያ የታየው ተክል ላይ እንኳ አይደለም፣ ጣሊያናዊው ሪቶሳ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳወቀው የፍራፍሬ ዝንብ ላይ አይቶ ነው።) ለገዢ ዋናው ነገር ታዲያ ይሄ ዝግጅት ጊዜ ይፈልጋል፣ ቀስ በቀስ ሙቀት የቀመሰ ችግኝ ጠባቂዎቹን አስቀድሞ አከማችቶ ስለሚጠብቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ከባድ ሙቀት ይችለዋል፣ የእኔዋ ግን ጥላ መረብ ስር አድጋ በአንድ ቀን ቆርቆሮ ስር ተጣለች።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ቀለም ላይ ቡገንቪሊያ ያሸንፋል። ጽጌረዳን የሚያቀላው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው፣ ሙቀት ሲበዛ እሱን የሚሠሩት ጂኖች ሥራቸውን ይቀንሳሉ፣ ስለዚህ ጥር ላይ ደም የመሰለችው መጋቢት ላይ ትገረጣለች፣ ሻጩ አታሏችሁ አይደለም። ቡገንቪሊያ ላይ ግን አበባ የምንለው ራሱ አበባ አይደለም፣ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው፣ እውነተኛው አበባ መሀል ላይ ያለችው ትንሽዬ ነጭ ናት፤ ቀለሙም አንቶሲያኒን ሳይሆን ቤታላይን የሚባል ሌላ ነው፣ ከቀይ ስር ጋር አንድ ወገን፣ ስለዚህ የጽጌረዳዋ ጣጣ አይነካውም።

ውሃም ሌላው ነው። ተክል ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እያላበ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ውሃ ሲያጣ ቀዳዳውን ይዘጋና ቅጠሉ ይግላል። ጽጌረዳ በዚህ ትቸገራለች፣ በተለይ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነች፣ ሥሯም አብሮ ይጋላል። ቡገንቪሊያ ሥር ከያዘ በኋላ ትንሽ ሲጠማው እንዲያውም በደንብ ያብባል፣ ውሃ ካበዛችሁበት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ክረምት ላይ ግን ቡገንቪሊያ ቀለሙን ጥሎ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ እሾሁም ልጅ ላለበት ቤት ራስ ምታት ነው። ጽጌረዳም በዝናቡ ቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣባታል። ሽታና ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ከፈለጋችሁ ግን ከሷ ውጪ የለም። (የሀገራችን የጽጌረዳ ዘመድ ቀጋም ደጋ ነው ሚወደው፣ ዘሩ ነው መሰለኝ።)

እኔ ብትሉኝ የከሰዓት ፀሐይ ለሚመታው አጥር ቡገንቪሊያ፣ ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት ለሚጠላ ቦታ ጽጌረዳ። ስትገዙ የአበባውን ብዛት አትዩ፣ ሻጩን "የት ነው የቆመው፣ ፀሐይ ለምዷል?" በሉት። ከጥላ ስር ነው ካላችሁ ግዙት፣ ግን መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ አሳዩት፣ ቀጥሎ በየቀኑ ጨመር እያደረጋችሁ፣ አንድ ሁለት ሳምንት። እኔ ሁለተኛዋን እንደዛ አድርጌ በምሥራቁ በረንዳ አስቀምጫታለሁ፣ ዛሬ ሦስተኛ እምቡጧን አወጣች።