«የሰንሰለት ዘይት» ተብሎ ስለሚሸጠው የተቃጠለ ዘይትና አብሮት ስለሚሰጠው ባር፦ ለሰሜን ሸዋ የዛፍ መቁረጫ ማሽን ባለቤቶች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሕር ዛፍ በማሽን እየቆረጣችሁ ለምትተዳደሩ፣ እንዲሁም ማሽን ገዝታችሁ ለምታከራዩ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው ባለፈው ኅዳር የደረሰብኝ ኪሳራ በእናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው። ከከተማዋ የመለዋወጫ ሱቆች ከአንዱ ሁለት ዕቃ ገዛሁ፤ አንዱ ባለ 4 ሊትር ጀሪካን «የሰንሰለት ዘይት» ሲሆን፣ ሌላው ባር የምንለው፣ ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ረጅም ብረት ነው። ሻጩ ሁለቱን አብሬ ብወስድ እንደሚቀንስልኝ ነግሮኝ በ5,800 ብር ተስማማን። በቅናሹ ተደስቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሁለቱን አጣምሮ መሸጥ ለእርሱ ጥቅም አለው፤ ባሩ ቢበላሽ በዘይቱ፣ ዘይቱ ቢጠረጠር በባሩ ማሳበብ ይቻላልና።

ወደ ጣርማበር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ደንበኛዬ ያቆመውን ባሕር ዛፍ ለአጣና መቁረጥ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከባሩ ጭስ ወጣ፤ ሰንሰለቱም ግንዱን ቀጥ ብሎ መቁረጡን ትቶ እንደ ማጭድ ወደ ጎን እየጠመዘዘ ይወርድ ጀመር። ማሽኑን አጥፍቼ የጎን ክዳኑን ስፈታ ከሰጋቱራ ጋር የተላቆጠ ጥቁር ጭቃ ዘይት የሚገባበትን ቀዳዳ ደፍኖት አገኘሁ። የባሩ ጠርዝ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ ሰንሰለቱ ገብቶ የሚሮጥበት የባሩ ጎድጓዳ ሁለት ከንፈሮች ከመከፈታቸው የተነሣ ሰንሰለቱን በጣቴ ስገፋው እንደላላ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር። ስድስት ዓመት የሠራሁበት አሮጌው ባሬ እንኳን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ዘይቱ በጋራዥ ከመኪና የወረደ፣ በጨርቅ የተጠለለ የተቃጠለ ዘይት መሆኑን ያረጋገጥኩት ዘግይቼ ነው። እውነተኛው የሰንሰለት ዘይት የሚለየው በሙጫነቱ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ብትለያዩት እንደ ማር ክር እየሠራ ይሳባል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰንሰለቱ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ፣ ተጣባቂ ያልሆነ ዘይት ጫፉ ላይ ሲደርስ ይበተንና የታችኛውን ጠርዝ ደረቅ ይተወዋል። የእኔው ክር አልሠራም፤ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ሳደርገውም ከመሃሉ ጥቁር ጥላሸት ቀርቶ ቀሪው እንደ ውሃ ተሰራጨ። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተር የተፋቀ ደቃቅ ብረት ስላለ፣ ይቀባልናል ያልነው ነገር ባሩንም የዘይት ፓምፑንም ይሞርዳል። ከዚህም በላይ የዚህ ማሽን ዘይት ተመልሶ ወደ ታንኩ አይገባም፤ የሞላነው ሁሉ በሠራተኛው ልብስና ቆዳ ላይ፣ በእንጨቱና በአፈሩ ላይ ነው የሚያልቀው። ለቆዳና ለሳንባ መጥፎ የሆነ ነገር በገንዘባችን እየገዛን በራሳችን ላይ መርጨት ምን ይባላል? የሰንሰለት ዘይት የጠፋ ዕለት አዲስና ንጹሕ የሞተር ዘይት ለጊዜው መጠቀም ከዚህ እጅግ ይሻላል።

ባሩን በተመለከተ ደግሞ ሞረድ እውነቱን ነገረኝ። የደኅና ባር ጠርዝ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ሞረዱ ይንሸራተትበታል፤ በጭንቅ ነው የሚነካው። የአሮጌው ባሬ ጠርዝ እንዲህ ሲሆን፣ አዲሱ ግን እንደ ሚስማር ተፋቀ፤ የታወቀ የአውሮፓ ኩባንያ ምልክትም የተለጠፈበት ወረቀት እንጂ የታተመ አልነበረም። ስለዚህ ባር ስትገዙ ማሽኑ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ከግርጌው አጠገብ በሞረድ በትንሹ ሞክሩት፤ ከተገጠመ በኋላ ማንም አይመልስላችሁም። የጎድጓዳው ስፋት 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ከሰንሰለታችሁ ጋር መግጠሙንም አረጋግጡ፤ «ሁሉም አንድ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት።

ሻጩ ዘንድ ስመለስ ያገኘሁት መልስ «ዘይት ሳትሞላ ሠርተህ ነው» የሚል ነበር። እኔ ግን ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ዘይቱንም እሞላለሁ፤ የታንኮቹም መጠን የተመጣጠነው ቤንዚኑ ቀድሞ እንዲያልቅ ነውና። ሥራ ከመጀመሬ በፊትም የባሩን ጫፍ ወደ ነጭ ጉቶ አስጠግቼ፣ ሳላስነካው፣ ነዳጅ ስሰጠው የዘይት ነጠብጣብ መስመር ሠርቶ መታየቱን አያለሁ። በዚያ ሳምንት መስመሩ ደብዛዛ ነበር፤ ጥፋቴ የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘይቱን አወፍሮት ነው ብዬ ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቄ ነው። በብርድ ዘይት መወፈሩ እውነት ነው፣ ጀሪካኑን ቤት ውስጥ ማሳደርም ይረዳል፤ ነገር ግን እኩለ ቀን ላይም መስመሩ ካልታየ ችግሩ ብርዱ አይደለም። ሰንሰለት በሳልኩ ቁጥር ባሩን ገልብጬ እገጥማለሁ፣ ጎድጓዳውን በቀጭን ብረት እጠርጋለሁ፣ በጠርዙ ላይ የወጣውን ስለታም ብረት በሞረድ አነሣለሁ፤ ይህን ሁሉ ብነግረውም አልሰማኝም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእኔ ድክመት ማስረጃው ላይ ነው፤ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ልዩ ልዩ መለዋወጫ» ብቻ ስለሆነ፣ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ስል የገዛሁት ዘይትና ባር መሆኑን በሰው ምስክር ለማስረዳት ተገድጃለሁ። እናንተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ «የሰንሰለት ዘይት፣ 4 ሊትር» ተብሎ፣ የባሩም ርዝመትና የጎድጓዳው ስፋት ተጠቅሶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ለመጻፍ ያንገራገረ ሻጭ የሚሸጠውን እርሱም ያውቀዋል።