የፊደሊቲ ብሮከሬጅ አካውንት፦ ከተከፈተ በኋላ ምን ምን መለወጥ አለበት?

አሜሪካ እየኖረ አክሲዮኑን ራሱ መርጦ ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ከፊደሊቲ የሚሻል ብሮከር (አክሲዮን የሚያገበያይ ድርጅት) ማግኘት ከባድ ነው። ይህን የምለው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አካውንቱ ሲከፈት ተሞልተው የሚመጡትን ምርጫዎች ሳይነኩ መተው አያዋጣም። እዚህ ቤት ገንዘብ በኮሚሽን አይባክንም፤ የአሜሪካ አክሲዮንና ኢቲኤፍ (ብዙ አክሲዮኖችን በአንድ ላይ የያዘ፣ እንደ አንድ አክሲዮን የሚገዛ ፈንድ) በኢንተርኔት ሲገዛም ሲሸጥም ኮሚሽን የለም። የሚባክነው የትኛው አክሲዮን ቀድሞ እንደሚሸጥ፣ ዲቪደንዱ (ኩባንያው ለባለ አክሲዮኖች የሚያካፍለው ትርፍ) የት እንደሚገባ፣ ትዕዛዙ በምን ዋጋ እንደሚፈጸም አካውንቱ የወሰነልንን ዝም ብለን ስንቀበል ነው።

ለመክፈት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የአሜሪካ መኖሪያ አድራሻና የሚያያዝ የባንክ አካውንት ያስፈልጋል። መነሻ ገንዘብ አይጠየቅም። ተራውን፣ ታክስ የሚከፈልበትን አካውንት ከመክፈትዎ በፊት ግን ሮዝ አይአርኤ የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ አካውንት ያስቡበት፤ ከዚያው ገጽ ይከፈታል። በውስጡ ሲገዙና ሲሸጡ የሚመጣ ግብር የለም፤ ከታች ስለ ሎትና ስለ ዋሽ ሴል የምዘረዝረው ራስ ምታት አብዛኛው እዚያ አይነሳም። የሚገባው ገንዘብ ግን ጣራ አለው፤ ከ50 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ለ2025 ዓ.ም. 7,000 ዶላር፣ ለ2026 ደግሞ 7,500 ዶላር ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሠራተኛ ገቢ ሊኖርዎት ይገባል፤ ገቢዎ ከፍ ካለም የሚፈቀደው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ቶሎ ቶሎ የሚነካኩት አክሲዮን ካለ ቦታው ሮዝ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት የሚያስቀምጡት ኢንዴክስ ኢቲኤፍ (ገበያውን እንዳለ የሚከተል) ተራው አካውንት ውስጥ ብዙ ግብር አያመጣም።

አክሲዮን ሳይገዛበት የቆየው ገንዘብ የሚያርፍበት ቦታ (ኮር ፖዚሽን ይሉታል) የፊደሊቲ ትልቅ ብልጫ ነው። ፊደሊቲ ገቨርንመንት መኒ ማርኬት ፈንድን (ገንዘቡን በአጭር ጊዜ የመንግሥት ዕዳ ላይ አድርጎ ወለድ የሚያመጣ ፈንድ) ኮር ካደረጉት ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ገቢው በየወሩ መጨረሻ ይገባል፣ አክሲዮን ሲገዙም መጀመሪያ መሸጥ ሳያስፈልግ በቀጥታ ከእሱ ይቀነሳል። ሌላው ትልቅ ብሮከር ሽዋብ ጋ ይህ የለም፤ እዚያ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ በጣም ዝቅተኛ ወለድ ወደሚከፍል የባንክ አካውንት ስለሚሄድ መኒ ማርኬት የፈለገ በየጊዜው ራሱ መግዛትና መሸጥ አለበት። ፊደሊቲ ጋም ቢሆን ኮሩ ኤፍካሽ በሚባለው፣ ፈንድ ውስጥ ባልገባ ተራ ጥሬ ገንዘብ ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ፖዚሽንስ ገጽ (የያዙት ሁሉ የሚዘረዘርበት) ላይ ጥሬ ገንዘቡን ተጭነው ያረጋግጡ፤ መቀየሩ ደቂቃ አይፈጅም። የክፍለ ሀገር የገቢ ግብር ባለበት በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ለሚኖር፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብም ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ፊደሊቲ ትሬዠሪ ኦንሊ የተባለውን መኒ ማርኬት ለይቶ መግዛት ያዋጣል፤ ገቢው በዋናነት ከፌዴራል መንግሥት የዕዳ ሰነድ ስለሚመጣ በአብዛኛው ከክፍለ ሀገር ግብር ነፃ ነው። ቴክሳስ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ስቴት ያሉ ግን በደመወዝና በወለድ ላይ የክፍለ ሀገር ግብር ስለሌለባቸው በዚህ መድከም አያስፈልጋቸውም።

ወደ ግዢው እንምጣ። ከ1 ዶላር ጀምሮ የአክሲዮን ቁራሽ መግዛት ይቻላል፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 600 ዶላር ቢሆንም የ50 ዶላሩን ማዘዝ ይችላሉ። ሽዋብ ይህን የሚፈቅደው በኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዝርዝር) ውስጥ ላሉ ኩባንያዎች ብቻ ነው፤ ፊደሊቲ ግን ለአብዛኞቹ በትልልቆቹ ገበያዎች ለሚሸጡ አክሲዮኖችና ኢቲኤፎች ይፈቅዳል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለሚያስገባ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አሥር ኩባንያዎችን በመረጠው መጠን መያዝ ይችላል፣ ተራፊ ሳንቲምም አይቀርበትም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የትዕዛዙ ዓይነት ላይ ነው። ማታ ከሥራ ገብተው በማርኬት ኦርደር (በተገኘው ዋጋ ይፈጸም በሚል ትዕዛዝ) ካዘዙ፣ ትዕዛዙ የሚፈጸመው በማግስቱ ገበያው ሲከፈት፣ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል (ስልክዎ ላይ 9:30) ሲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዋጋው የሚወዛወዝበት፣ በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋበት ጊዜ ነው። ሌሊት መጥፎ ዜና ወጥቶ ከሆነም ማታ ባዩት ዋጋ አይሸጥልዎትም። ትልልቆቹ ኢቲኤፎች ላይ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲም አካባቢ ስለሆነ በቀን ማርኬት ኦርደር ብዙ አይጎዳም፤ ትንንሽ ኩባንያዎች ላይ ግን ክፍተቱ በመቶኛ ሲሰላ ከአንድ ዓመት ዲቪደንድ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የዋጋውን ገደብ ራስዎ የሚወስኑበትን ሊሚት ኦርደርን ልማድ ያድርጉ፤ ለመግዛት ሻጮች በጠየቁት ዋጋ ወይም ከዚያ በትንሽ ዝቅ አድርገው ይጻፉ። ካልተገዛ ቀኑ ሲያልቅ ይሰረዛል እንጂ ኪሳራ የለውም።

ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ የአክሲዮን ሽያጭ የሚጠናቀቀው በማግስቱ የሥራ ቀን ነው። ማርጂን (ከብሮከሩ ተበድሮ መግዛት) በሌለው የጥሬ ገንዘብ አካውንት ይህ የሚያመጣው ስህተት አለ፦ ሰኞ አንዱን አክሲዮን ሸጠው፣ በዚያው ገንዘብ ሰኞ ሌላ ገዝተው፣ እሱንም ሰኞ ዕለት ከሸጡት ጥሰት ይመዘገብብዎታል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ከሆነ ለ90 ቀን በተጠናቀቀ ገንዘብ ብቻ እንዲገዙ ይገደዳሉ። መሸጡን እስከ ማክሰኞ ማቆየት በቂ ነው። ጥሰቱን ለማምለጥ ብሎ ማርጂን መክፈት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ የብድር ወለዱ ከፍተኛ ነው፣ ገበያ ሲወርድም ብሮከሩ ሳይጠይቅዎት አክሲዮንዎን ሊሸጥ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያተርፈው፣ አብዛኛው ሰው ግን የማይነካው፣ ኮስት ቤዚስ (ትርፍ የሚሰላበት የግዢ ዋጋ) የሚባለው ምርጫ ነው። በተለያየ ቀን የገዙት አክሲዮን እያንዳንዱ የራሱ ሎት ሆኖ፣ የራሱ ዋጋና የራሱ ቀን ይዞ ይመዘገባል። ምንም ካልመረጡ ፊደሊቲ አክሲዮንና ኢቲኤፍ ሲሸጥ መጀመሪያ የተገዛውን ነው የሚያስቀድመው፤ በሚውቹዋል ፈንድ (እንደ ኢቲኤፍ ያለ፣ ግን በቀን አንዴ በሚወጣ ዋጋ ብቻ የሚገዛ ፈንድ) ደግሞ አማካዩን ዋጋ ይይዛል። በቁጥር እንየው። ከሁለት ዓመት በፊት 10 አክሲዮን በ100 ዶላር፣ ከአራት ወር በፊት ሌላ 10 በ180 ዶላር ገዝተዋል እንበል። ዛሬ ዋጋው 190 ሆኖ አሥሩን መሸጥ ፈለጉ። ዝም ካሉ የሚሸጠው አሮጌው ነው፤ ትርፉ 900 ዶላር፣ በ15 በመቶ የረጅም ጊዜ (ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ) ትርፍ ግብር 135 ዶላር ይከፍላሉ። አዲሱን ሎት ከመረጡ ትርፉ 100 ዶላር ብቻ ነው፤ የአጭር ጊዜ ስለሆነ እንደ ደመወዝ በ22 በመቶ ቢታሰብ እንኳ ግብሩ 22 ዶላር ነው።

ሆኖም አዲሱን መሸጥ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። በ2025 ዓ.ም. ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ፣ ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ግብር የሚታሰብበት ገቢያቸው ትርፉንም ጨምሮ ከ96,700 ዶላር ካልበለጠ የረጅም ጊዜ ትርፍ የፌዴራል ግብሩ ዜሮ ነው፤ ለነጠላ ሰው ጣራው 48,350 ነው። እንዲህ ላለ ቤተሰብ አሮጌውን ሸጦ የ900 ዶላሩን ትርፍ ያለ ፌዴራል ግብር መውሰድ፣ አዲሱን ሸጦ በ12 በመቶ 12 ዶላር ከመክፈል ይሻላል። በርካታ ቤተሰቦቻችን በዚህ የገቢ ደረጃ ላይ እያሉ ዕድሉን ሳያውቁት ያልፋቸዋል፤ ይህ በጣም ያስቆጫል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሽያጭ ትዕዛዝ ሲሞሉ «ስፔሲፊክ ሼርስ» የሚለውን መርጠው ከየትኛው ሎት ስንት እንደሚሸጥ ይጻፉ። ረስተው ከሸጡ ሽያጩ እስኪጠናቀቅ፣ ማለትም እስከ ማግስቱ የሥራ ቀን ብቻ ነው ማስተካከል የሚቻለው። በየጊዜው መምረጥ ለሚሰለቸው በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ «ታክስ ሴንሲቲቭ» የሚባለውን፣ ግብሩን ዝቅ የሚያደርገውን ሎት ራሱ የሚመርጠውን ቋሚ አድርጎ መተው ይቻላል፤ በዜሮ ግብር ውስጥ ላለ ሰው ግን እሱን አልመክርም።

ዲቪደንድም ተመሳሳይ ነገር አለው። ለአክሲዮን ካልመረጡ ወደ ኮሩ በጥሬው ይገባል፤ መልሶ እንዲገዛበት ማድረግ ይቻላል። በሮዝ ውስጥ መልሶ መግዛቱን ያብሩት፤ በተራው አካውንት ግን ጠፍቶ ቢቀር ይሻላል። አንደኛ፣ በዓመት አራቴ ጥቃቅን ሎት ይፈጥራል። ሁለተኛ፣ ዋሽ ሴል የሚባለውን ሕግ ያስነሳል፦ በኪሳራ ከሸጡበት ቀን በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ አክሲዮን ከገዙ፣ በገዙት ልክ ኪሳራው ለጊዜው አይቆጠርልዎትም፤ አዲስ በተገዛው ዋጋ ላይ ይደመራል። ካሉት ላይ 40 አክሲዮን እያንዳንዱን በ10 ዶላር ኪሳራ ሸጠው፣ ከሃያ ቀን በፊት ዲቪደንዱ ግማሽ አክሲዮን ገዝቶ ከቆየ፣ ከ400 ዶላሩ 5 ዶላር ይታገዳል። ይህ ቀላል ነው። ከባዱ በየሳምንቱ ራሱን የሚደግም ግዢ አብርቶ ረስቶ መሸጥ ነው። ከዚያም የሚብሰው በተራው አካውንት በኪሳራ ሸጦ ያንኑ በሮዝ ወይም በትዳር ጓደኛ አካውንት መግዛት ነው። ፊደሊቲ ይህንን አይከታተልም፣ በግብር ቅጹም ላይ አይወጣም፤ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፣ በሮዝ ከተገዛማ ኪሳራው ለዘለቄታው ይጠፋል። በትክክል የተያዘ ኪሳራ ግን ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ከትርፍ ጋር ይጣፋል፣ የተረፈው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከሌላ ገቢ ይቀነሳል፣ ቀሪው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

የግብር ቅጹ የሚመጣው በፌብሩዋሪ አጋማሽ አካባቢ ሲሆን፣ የሪል እስቴት ኩባንያ ወይም የውጭ አገር ፈንድ ለያዘ ሰው የታረመ ቅጽ በማርች ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለዎት የመጀመሪያውን ይዘው አይሩጡ።

ፊደሊቲ በጣም የሚያሳስትበት ቦታ ፖዚሽንስ ገጹ ላይ ያለው የትርፍና ኪሳራ ዓምድ ነው። በጥሬው የገባ ዲቪደንድ እዚያ አይቆጠርም፤ መልሶ የተገዛበት ደግሞ የግዢውን ዋጋ ከፍ ስለሚያደርግ ትርፉ ትንሽ ይመስላል። ጥሩ ዲቪደንድ የሚከፍል አክሲዮን ለዓመታት ቆሞ የቀረ መስሎ ይታያል፤ ሰውም በዚህ ተታሎ ይሸጠዋል። ትክክለኛውን ለማወቅ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ያስገቡትን ገንዘብ ከትርፍ ለይቶ የሚያሰላው እሱ ነው።

እያንዳንዱ አክሲዮን ከጠቅላላው የሚይዘውን ድርሻ፣ ማለትም ሚዛኑን ለመጠበቅ ፊደሊቲ «ባስኬት ፖርትፎሊዮ» የተባለ አገልግሎት በወር 4.99 ዶላር ይሸጣል። እስከ 50 አክሲዮን በአንድ ላይ ይይዛል፣ በአንድ ጠቅታም ወደ መደቡለት ድርሻ ይመልሳል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ትንሽ ለያዘ ሰው አይመጥንም። በዓመት 59.88 ዶላር ማለት 3,000 ዶላር ለያዘ ሰው 2 በመቶ ነው፤ ፊደሊቲ 500 ኢንዴክስ ፈንድ በዓመት የሚያስከፍለው 0.015 በመቶ፣ በ3,000 ዶላር 45 ሳንቲም ነው። በነፃ የሚሆነው መንገድ ይኸው፦ ከፖዚሽንስ ገጽ ፋይሉን ያውርዱ፣ በኤክሴል ከእያንዳንዱ ስም ጎን የፈለጉትን ድርሻ በመቶኛ ይጻፉ፣ አሁን ካለው ጋር ያነጻጽሩ። የጥሬ ገንዘቡ ምልክት ሁለት ኮከብ ተቀጥሎበት ስለሚወጣ ቀመሩ ሊያልፈው ይችላል፤ ኮከቦቹን ያጥፉ። ልዩነቱ ከ5 የመቶኛ ነጥብ ካላለፈ ምንም አይንኩ። ካለፈ መጀመሪያ አዲስ የሚገባውን ገንዘብና ዲቪደንዱን ወደ ጎደለው ያዙሩ፤ ያልበቃ እንደሆነ ብቻ ይሽጡ፣ እሱንም ከሮዝ ውስጥ። አንድ ኩባንያ፣ በተለይ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት አክሲዮን፣ ከጠቅላላው 10 በመቶ በላይ እንዳይይዝ እመክራለሁ፤ ደመወዝዎም ቁጠባዎም በአንድ ቀን ሊጎዱ ይችላሉና።

ለደኅንነቱ ሁለት ነገር ዛሬውኑ ያብሩ። አንዱ በአጭር መልእክት ሳይሆን በማረጋገጫ አፕ የሚሠራው ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ሌላው «መኒ ትራንስፈር ሎክዳውን» ሲሆን፣ ሌባ በስምዎ ሌላ ቦታ አካውንት ከፍቶ አክሲዮንዎን እንዳይስብ ይከለክላል። ብሮከሩ ቢከስር ኤስአይፒሲ በተባለው የብሮከር ደንበኞች ዋስትና ድርጅት በኩል እስከ 500,000 ዶላር፣ ከዚያም ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ እስከ 250,000 ዶላር ሽፋን አለ፤ የገበያ ኪሳራን ግን አይሸፍንም። በተራው አካውንት ላይ ወራሽ ማስመዝገብም በነፃ ነው፤ ካልተመዘገበ ቤተሰብ በፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል። በአማርኛ የተዘጋጀ ገጽ ስለሌለው፣ እንግሊዝኛ ለሚከብደው የትዳር ጓደኛ ወራሽነቱንና መግቢያውን ቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ወይም ወደ ሌላ አገር ለመመለስ ለሚያስብ ሰው ደግሞ የምመክረው ከመጀመሪያው ሚውቹዋል ፈንድ ትቶ ኢቲኤፍ እንዲይዝ ነው። የመኖሪያ አድራሻዎ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ሚውቹዋል ፈንድ መግዛት ይዘጋብዎታል፣ ሌሎች ገደቦችም ሊመጡ ይችላሉ። ወደ ሌላ ብሮከር ለመዛወር ፊደሊቲ ክፍያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን «ዚሮ» የተባሉት ያለ ክፍያ የሚቀርቡ ፈንዶቹ ከፊደሊቲ ውጭ መሄድ አይችሉም፤ የአክሲዮን ቁራሾቹም እንደዚሁ። ሁለቱም ተሸጠው በጥሬው ነው የሚሄዱት፤ ትርፍ ካላቸው ግብሩ በዚያው ዓመት ይመጣል። ስለዚህ ዚሮ ፈንዶቹን በሮዝ ውስጥ ብቻ ይያዙ፤ በተራው አካውንት በየትኛውም ብሮከር ዘንድ የሚያዝ ኢቲኤፍ ይግዙ፤ ለመዛወር ከመጠየቅዎ በፊትም ሎክዳውኑን ማጥፋት አይርሱ፣ አለበለዚያ ዝውውሩ ውድቅ ይሆናል።