ጅማ ላይ ለአሮጌ ላንድሮቨር ስፖኪዮ ፍለጋ

ከውጭ መጥታችሁ ጅማ ላይ አሮጌ መኪና ልታሠሩ ካሰባችሁ፣ መለዋወጫ ሱቆቹ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። በያጅና መስታወት ቆራጭ ፈልጉ። ዘንድሮ ከቶሮንቶ ለዕረፍት ስመጣ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጽፍ ነው፤ ሆቴሉንና በረራውን ግን ሌላ ሰው ይጻፈው።

መኪናው የአጎቴ ነው። ላንድሮቨር ሲሪስ ቱ ኤ (Series IIA)፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1971 ከተመረቱት። የእሱ ከቀደሙት ወገን ነው፤ የፊት መብራቶቹ መሃል ላይ፣ ፍርግርጉ አጠገብ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በኋላ በመጡት ላይ መብራቱ ወደ ፓራፋንጎው፣ ከፊት ጎማው በላይ ወዳለው ክዳን፣ ወጥቷል። ስፖኪዮዎቹም ክብ ሆነው ፓራፋንጎው ላይ፣ ከሹፌሩ ርቀው በክንድ የሚቆሙ ናቸው። የግራውን ባጃጅ ገጨው፤ ክንዱ ተሰበረ፣ ሳህኑ ተጨፈለቀ። የቀኙ አለ ይባላል እንጂ መስታወቱ ጠቁሮ ምንም አያሳይም።

«ሽጠውና ሌላ ግዛ» የሚሉት አሉ። ለመናገር ይቀላል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚሄድ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ያሠራል። ደግሞ አጎቴ ቡናው ያለው አጋሮ አካባቢ ነው። እዚያ ጭቃ ውስጥ ይህ መኪና የሚሠራውን ሥራ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚያው ጅማ መርካቶ ካሉት መለዋወጫ ሱቆች ጀመርን። መስተንግዶ አሥር ከአሥር፤ በየገባንበት ወንበር ይወጣል፣ ቡና ይታዘዛል። ዕቃው ግን የቶዮታና የአይሱዙ ነው። አንዱ ልጅ ፕላስቲክ ስፖኪዮ አውጥቶ «ይሄ ሁሉም ላይ ይገባል» አለን። ሁሉም ላይ የሚገባ ነገር በደንብ የሚገባበት የለም። ይህ ላንድሮቨር ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ላይ ነው የተቀመጠው፤ መኪናው ገና ሲነሳ ፕላስቲኩ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላ ያለው መኪና ሦስት ሆኖ ይታያል። ልጁ ራሱ ገጥሞ አይቶ ሳቀ። አላስገደደንም፤ ለዚህ ተጨማሪ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ደወልን። ፎቶ ልከን፣ «አለ፣ ራሱ ነው» ተብሎ፣ ገንዘብ ከፍለን በአውቶቡስ መጣልን። ካርቶኑን ስንከፍት የዲፌንደር፣ በኋላ የመጣው ላንድሮቨር፣ ነው። የዲፌንደር ክንድ የሚታሰረው በር ማጠፊያ ላይ ነው፤ መስታወቱም ባለ አራት ማዕዘን ነው። ለዲፌንደር ጥሩ ዕቃ ነው። ሻጩ ግን ፎቶውን አላየውም ማለት ነው፣ ወይም አይቶት ዝም ብሏል። ገንዘቡን እመልሳለሁ እንዳለ አለ።

መፍትሔው የመጣው አጂፕ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። እሳቸው መኪናውን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት። «ልጄ፣ ግባና ተቀመጥ። ከዚያ ሆነህ ምን ይታይሃል?» አሉኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መስታወቱ ከዓይን በራቀ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ ይጠባል። ፓራፋንጎ ላይ ጠፍጣፋ መስታወት ብትገጥሙ የምታዩት አንድ ቁራጭ መንገድ ብቻ ነው። ርቀቱን በትክክል ያሳያል፣ እውነት ነው። ግን የጅማ ባጃጅ በየት በኩል እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ጎበጥ ያለ መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ በምትኩ ከኋላ ያለውን ከእውነቱ አርቆ ያሳያል፣ ይህን መልመድ ነው። «ጎበጥ ያለውን አድርጉ» ብለው ወደ በያጁ ላኩን። ለምክሩ ገንዘብ አልተቀበሉም።

በያጁ ወጣት ነው፣ ሥራው ግን የትልቅ ሰው። ክንዱን ከለስላሳ ቶንዲኖ (ድቡልቡል ብረት) አጠፈው፣ ጫፉን ቶርኖ ቤት ልኮ የቡሎን ጥርስ አስወጣለት፣ የተጨፈለቀውን ሳህን ቀጥቅጦ ክብ አደረገው። በጣም የወደድኩት ግን እምቢ ያለውን ነው። አጎቴ ፓራፋንጎው ላይ የሰፋውን ቀዳዳ በይደህ ድፈነው ቢለው «ይሄ ብረት አይደለም፣ በዚህ ማሽን ከነካሁት ይቀልጣል» አለ። ልክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ብረት ስላጠራት የላንድሮቨር አካል በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው የተሠራው። ስለዚህ ከሥር ላሜራ ደገፈበት፣ በቡሎን አሰረው፣ በመሃል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አስገባ። ላስቲኩ ለመንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ውሃ ካገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ አታጣም።

መብራት ሲሄድ ሥራው ይቆማል። ጄኔሬተር የለውም፣ አትቆጡ።

መስታወት ቤቱ ፈረንጅ አራዳ በኩል ነው። ጎበጥ ያለ መስታወት ከየት ይመጣል ብዬ ስጨነቅ፣ ሰውየው ከጥግ የተሰበረ የቅጥቅጥ ስፖኪዮ አነሳ። ከደህናው ክፍል ላይ በሳህኑ ልክ ክብ አድርጎ ቆረጠ። ሲቆርጥ አንዱ ተሰነጠቀበት፤ ሳያስከፍለን ሌላ ቆረጠ። የቀኙንም አብሮ ቀየረው፤ አንዱ ጎባጣ አንዱ ጠፍጣፋ ከሆነ ሹፌር ይደናገራል አለ። ጠርዙን በሲሊኮን አሸገ፣ እስከ ማግስቱም እንዳትነኩት ብሎ አስጠነቀቀን።

ዋጋ በቁጥር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብሩ ምንዛሪ ስለሚለዋወጥ እናንተ ስትደርሱ ውሸታም እሆናለሁ። ለሁሉም ሠራተኞች የከፈልነው ተደምሮ ግን አዲስ አበባ ለማይሆነው ዕቃ ከላክነው ያንሳል። አብዛኛው ሰው ቴሌብር ይቀበላል፤ እዚህ ስልክ ያላወጣ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ብዙ ቤት ስለሚዘጋ ጠዋት ድረሱ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ በመኪና ወደ ሄርማታ ገበያ ባትጠጉ ይሻላል።

ፓራፋንጎ ላይ ያለ ስፖኪዮ ለብቻ አይስተካከልም። አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ያዞራል። እኔ ነበርኩ አዟሪው። ከዚያ እስከ አጋሮ ነድተን ተመለስን፤ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ አስፈለገ፣ ምስሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። አጎቴ የግራው በአንድ ጣት ከፍ ብሏል ይላል። በያጁ እኩል ነው ይላል። ሜትር ይዘው ሊለኩ ተቀጣጥረዋል፤ እኔ በረራዬ ስለሚቀድም አልደርስበትም።